ቃርሚያ

ወደ ፍቼ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ በቀይ ቀለም «መልስ የለም፤ ጥያቄም የለም» የሚል ጥቅስ ተለጥፏል። ሱሉልታን ሳናልፍ ደብተሬን አውጥቼ ገለበጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበታቸው ላይ ያለውን ዘንቢል ጠበቅ አድርገው ገልመጥ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ከግብር ነህ?»

ደብተር ይዞ መኪና ውስጥ የሚጽፍ ሰው ከግብር ሌላ ከየት ይመጣል! «አይደለሁም እማማ። ደስ የሚል ነገር ሳይ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ቀና ብለው ጥቅሱን አዩት። ከንፈራቸው ፊደሉን እየለቀመ ተንቀሳቀሰ። «ይኼ ነው ደስ የሚለው? ሁለት ብራችሁን አልመልስም ማለቱ እኮ ነው።»

እሱንም ጻፍኩት።

ይህ ልማድ ከያዘኝ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሲጀምር ከማነበው መጽሐፍ የወደድኩትን ዓረፍተ ነገር መቅዳት ብቻ ነበር። ቆይቶ ሥዕል ሳይ የመጣልኝን ሐሳብ፣ ለቅሶ ቤት የሰማሁትን ንግግር፣ የሊስትሮ ሳጥን ላይ ያነበብኩትን፣ ሁለት ሰካራሞች ሲሰነባበቱ የተባባሉትን ሁሉ ማግበስበስ ሆነ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የጋዜጣ ጽሑፎቹን «እግረ መንገድ» ብሎ መሰየሙን እንደ ፈቃድ ወረቀት ቆጥሬው ነበር። እሱ ግን እግረ መንገዱን ያየውን ቁጭ ብሎ ጽፎታል። የእኔ ደብተሮች 11 ደርሰው አንዱንም ከሞላ በኋላ ከፍቼው አላውቅም። ይጠቅመኛል እያለ ባዶ ጠርሙስ የሚያጠራቅም ሰው አታውቁም? ያ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የደብተሮቹን መሳቢያ «ጎተራው» ትለዋለች። «እህል ገብቶበት እንጀራ የማይወጣው ምን ዓይነት ጎተራ ነው?» እያለች።

ጊዜው ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ሰላም ነበር፤ አሁን ላይ ሆኜ ሳስታውሰው ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። የወጣሁት ሁለት ቦታ ለማየት ነበር፤ ደብረ ሊባኖስና ዲማ ጊዮርጊስ። አንዱ ለሥዕል፣ አንዱ ለመጽሐፍ። አሥራ ሁለተኛውን ደብተር አዲሱን ይዣለሁ፤ ወረቀቱ ገና እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ነው።

ደብረ ሊባኖስ መታጠፊያ ላይ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ታች ሲወርዱ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። እኔ የመጣሁት ለመስኮቶቹ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ባለቀለም መስተዋት የሠሩት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፤ ካረፉ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ሆኖ ሳለ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ትርዒታቸውን ካሳዩ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄደው የመስተዋት ሥዕል ሙያ ተማሩ፤ እግረ መንገዳቸውንም በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ሥዕል ያለባቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች አገላብጠው አጠኑ። አንኮበር የተወለደ ሰው የአያቶቹን እጅ ሥራ ለማየት ባሕር ይሻገራል። ያየውን ደግሞ እዚህ ገደል ሥር መስኮት ላይ ያመጣዋል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል። ቅዳሴ የለም። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ሰማያዊና ቀይ ጣለች። አንዲት ባልቴት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊው መጥቶ ነጠላቸው ላይ፣ ልክ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። አላዩትም። ከጎናቸው ያለ የሦስት ዓመት የሚሆን ልጅ ግን አይቷል። ጣቱን ልሶ ሰማያዊውን ከነጠላው ሊያስለቅቅ ፈተገው። አልለቅ ሲለው እጁን አስገባበት፤ እጁ ሰማያዊ ሆነ። ደንግጦ መለሰው፤ ነጭ ነበር፤ ማለቴ የራሱ ቀለም ነበር። ደግሞ አስገባ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገው አልቆጠርኩም። ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ሰማያዊው ከጉልበታቸው ወርዶ ወለሉን ይዞ ሄደ፤ ልጁም በዳዴ ተከተለው።

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፤ «ሰማያዊ። ልጅ። 4፡20።» አሁን የነገርኳችሁን የማስታውሰው ከደብተሩ አይደለም።

ከፍቼ ሌላ መኪና ይዤ ጎሐ ጽዮን ደረስኩ። ከዚያ ዓባይ በረሃ ነው። እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ግማሹ መውረድ፣ ግማሹ መውጣት ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ የአውቶቡሱ ፍሬን ይሸታል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ታች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ። 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ነው፤ አሮጌው አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ስለ ዓባይ የተጻፈውን ግጥም ሁሉ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ከፊቴ የተቀመጠው ጎረምሳ ግን «ኧረ ቀጭን ነው!» ብሎ ቁጭ አለ። ኅዳር ነዋ፣ ክረምቱ አልፏል። የእሱን ጻፍኩ። መኪናው ስለሚወዛወዝ ጽሑፉ ዛሬም የዶሮ ጭረት ይመስላል።

ደጀን አደርኩ። የአልጋ ክፍሉ አምፖል ደካማ ስለነበረ መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አነበብኩ። የያዝኩት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ነው። አለቃ ለማ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው መንግሥቱ ለማ፣ ባለቅኔውና ባለተውኔቱ፣ የአባቱን ወግ በቴፕ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ ገለበጠው፤ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። በእኔ አስተያየት አማርኛ ካፈራቸው ግሩም መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ለምን ጥቂት ሰው እንደሚያነበው አይገባኝም። ሽማግሌው ሲያወሩ ነው የሚሰማው። ይጀምራሉ፣ ወዲያ ያመልጣሉ፣ ይመለሳሉ። ልጁ የአውሮፓ ትምህርት የጠገበ ደራሲ ሆኖ ሳለ የአባቱን ንግግር ላሳምረው አላለም። ቃራሚ ማለት እንደዚህ ነው ብዬ ተኛሁ። ትንሽ ቀንቼ ነበር።

በማግሥቱ እስከ ቢቸና በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በአይሱዙ ጋቢና ሄድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ እየታጨደ ነው። ነዶው በየማሳው ቆሟል፤ አንዳንዱ ጋ ውድማ ተለቅልቆ በሬዎች ይዞራሉ። ከአጫጆቹ ኋላ ኋላ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው የቀረውን ይለቅማሉ። ሹፌሩ «ቃርሚያ ነው» አለኝ፣ የማላውቅ መስሎት። የከተማ ሰው መምሰሌ ከፊቴ ላይ አልጠፋ ብሎ ነው እንጂ ቃሉንስ አውቀዋለሁ።

ዲማ ጊዮርጊስ የልብ ወለዱ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አገር ነው። ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ ራሳቸው ቅኔ ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ሲሆን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ፣ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር ያስቀመጡት እዚህ ነው። እናቴ መጽሐፉን አላነበበችውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነው የሰማችው። እስካሁን «በዛብህ» ስትል ድምፅዋ የሞተ ዘመድ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ነው። እኔም የልቤን ልናገርና፣ እንደ ሞኝ የባለታሪኮቹን ቤቶች ለማየት ነበር የመጣሁት። ሱቅ በደረቴ ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጠየቅኳት፤ «የጉዱ ካሣ ቤት ወዴት ነበር ይባላል?»

አሰበች። «ካሣ የሚባልስ አለ። ጉድ ግን የለበትም፣ ጨዋ ሰው ነው።»

ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ያሳተሙት ልብ ወለድ አልነበረም፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው «ተረት ተረት የመሠረት» ነው፣ ተረቶች የሰበሰቡበት። ልብ ወለዱ የመጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ 56 ዓመታቸው ነበር። ከልጅነታቸው እስከዚያ ድረስ ጦርነት፣ ጣሊያን አገር የግዞት ዓመታት፣ በየአገሩ የዲፕሎማት ሥራ አለ። በልጅነት በእነዚህ ደብሮች የሰሙትን የደብተራ ጨዋታ፣ የባላባት ጉራ፣ የጭሰኛ እሮሮ ያን ሁሉ ዘመን የት አስቀመጡት? ደብተር ላይ ይሆን? እንጃ። እስር ቤትና ባሕር ማዶ ሲንከራተት የኖረ ሰው ስንት ደብተር ይዞ ይዞራል?

ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ ወደ ቅኔ ቤቱ ሄድኩ። ባዶ እጅ አይኬድም። የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ እንጉዳይ ተጠጋግተው የበቀሉ ናቸው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባባቸውም። ተማሪ ግን አላየሁም። ዞር ስል ሜዳው ላይ ተበትነዋል፤ አንዱ ከግራር ሥር፣ አንዱ ካብ ጥግ፣ አንዱ ደበሎውን ራሱ ላይ ደፍቶ የተኛ ይመስላል፤ ሌላው ጣቱን እያጠፈና እየዘረጋ ለራሱ ያጉተመትማል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኩት ያደረሰኝን ልጅ።

«ይቆጥራሉ።»

ቅኔ ይቆጠራል፣ ይነገራል፣ ይዘረፋል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። እያደገ ሲሄድ መወድስ ላይ ይደርሳል፤ ስምንት ቤት። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ ያርሙታል። ከሁሉ በላይ ያለው ዘረፋ ነው፤ ሊቁ ሳይዘጋጅ እንደ ውኃ ሲያፈሰው። ሁሌም የሚገርመኝ ቃሉ ነው። ሌላ ቦታ ዘረፈ ማለት የሰው ነገር ወሰደ ነው፤ እዚህ ግን ከራሱ አወጣ ነው። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም። በዓሉም፣ ቀኑም አዲስ ይፈልጋል። የተደገመ ቅኔ የሰው ፍርፋሪ እንደመብላት ነው።

የኔታ የጎጆአቸው ደጃፍ ላይ አጎዛ አስነጥፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩት የሰውን ጥላ ያህል ነው። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ደብተሬን ነገርኳቸው።

«እስቲ አንብብልን» አሉ።

ትልልቁን መርጬ አነበብኩ። ስለ ሥዕልና ስለ ብርሃን ያሰብኩትን፣ ከባሕር ማዶ ሊቃውንት የቀዳሁትን። ዝም አሉ። ዝንብ በጭራቸው አባረሩ። ተማሪዎች አንድ በአንድ ከሜዳው መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ። እፍረት ሲይዘኝ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ የሚኒባሱን ጥቅስ አነበብኩ፤ «መልስ የለም፤ ጥያቄም የለም።»

የኔታ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ድገመው!» ደገምኩት። «ይኼማ ኅብር ነው! መልስ ያልካት አንዷ ቃል ገንዘቡንም ቃሉንም ተሸከመች። ባለመኪናው የማን ቤት ተማሪ ነበር?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ምነው አትጠይቀውም? ሌላስ? በዚች ላይ ምን ቆጠርክባት?»

«ጻፍኳት» አልኩ።

«መጻፍህንማ ሰማን።» ጋቢያቸውን አነሱ። «መቃረም ደግ ነው ልጄ፤ ሩትም ቃርማለች። ሩት ግን የቃረመችውን ማታውኑ ወቃችው፤ ገብሱን ይዛ ወደ አማቷ ሄደች። ያንተ ነዶ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሃያ ዓመት የሚለው ከአፌ አልወጣም። ደብተሮቹ 11 ናቸው አልኳቸው። አንዱ ተማሪ በእጁ አፉን ሸፈነ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ «አይጥ እንዳይበላብህ» ብለው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ነገራው ተጀመረ።

ሁለት ቀን ከረምኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ያ አፉን የሸፈነው ልጅ ተራው ደርሶ ቆመ። አሥራ አምስት ቢሆነው ነው፤ እግሩ በእንቅፋት ቆሳስሏል። አጭር ነገር ተናገረ፤ ጉባኤ ቃና ነበረች። ግዕዜ ደካማ ስለሆነ አጠገቤ ያለው ተማሪ በሹክሹክታ ፈታልኝ። ልጁ ትናንት የሰማውን የእኔን ሚኒባስ ይዞ አድሮ፣ ሜዳ ላይ ውሎ ቆጥሮበታል! መልስ የሚለው በግዕዝ አልሄድ ቢለው «ፍዳ»ን አመጣ። ፍዳ በአማርኛችን መከራ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ በግዕዙ ግን ብድራትን መመለስም ነው። ሰሙ አንድ ረዳትና አንድ ተሳፋሪ ናቸው። ወርቁ ክርስቶስና አዳም። አዳም ሒሳቡን መክፈል አቅቶት ከመንገድ ወረደ፤ ረዳቱም ከራሱ ኪስ ከፈለለት፣ መልሱንም ጨመረለት።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ሁለተኛው ቤት አልመታም» አሉና አንዲት ቃል ቀየሩለት። ልጁ ቃሏን ተቀብሎ ደገማት፣ ተቀመጠ፣ ቀጣዩ ተነሣ። በቃ። እኔ ብዕሬን ከኪሴ እስካወጣ አራተኛው ተማሪ እየተናገረ ነበር። ሚኒባሱ የእኔ ነበር፤ የገለበጥኩትም፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ይዤው የመጣሁትም እኔ ነኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ ያደርኩት ቁንጫ ነው ብዬ ለማመን ሞከርኩ። ሳይነጋ ተነስቼ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ከ«መልስ» በታች አንድ መስመር በአማርኛ ሞከርኩ። ሰረዝኩት። ሌላ ጻፍኩ። እሱንም ሰረዝኩ። ሲነጋ ገጹ ጥቁር በጥቁር ሆኗል፤ ከ12 ደብተሮች ውስጥ እንደዚያ የቆሸሸ ገጽ የለኝም።

ያን ጠዋት መኪና ወደምይዝበት ቦታ የሸኘኝ ያው ልጅ ነው። አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሊለምን ወደ መንደር እየሄደ ነበር። መንገድ ላይ ያሰብኩትን ተናገርኩ።

«ያቺን የትናንቷን እስቲ ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ልጻፋት።»

ግራ ገብቶት አየኝ። «እሷማ ተነገረች እኮ፣ ጋሼ።»

«ቢሆንም። እንዳትጠፋ ብዬ ነው።»

«ወዴት ትጠፋለች?» አለ። ቀጥሎ የሚለው አልነበረውም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ይታጠፋል። የዛሬውን እየቆጠረ ነበር።

መንደሩ ዳር ስንደርስ ሁለት ውሾች ወጡብን። ልጁ ዱላውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ፣ ባልጠበቅኩት ወፍራም ድምፅ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አለ። ውሾቹ ጮሁ፣ እሱም ደገመ። እጇ ሊጥ የነካው ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች፤ ውሾቹን ገሠጸች፣ ተመልሳ ገብታ በሰፌድ ቆሎ ይዛ መጣች። አኮፋዳው ውስጥ ጨመረችለት። ከዚያ ከልጁ ኋላ ደብተሬን ከፍቼ የቆምኩትን እኔን አየች፤ ከጫማዬ እስከ ብዕሬ።

«እሱስ ምንድን ነው የሚለምን?» አለችው።

ልጁ ሳቀ፣ አልመለሰላትም። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ሰፌዱን ወደ እኔ ዘነበል አደረገች። በሁለት እጄ ለመቀበል ደብተሩን ብብቴ ሥር ከተትኩት።